13 ዓመት የቆመ ቮልስ ለማስነሳት ከየት ይጀመራል?

የአራት ኪሎ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር 13 ዓመት የቆመ ቮልስ 1300 አለ፤ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. 1969። ሊብሬው በእጃችን ነው፣ ስሙ ግን የሟች አጎቴ ነው። ሞተሩ አልወጣም፣ ባትሪ የለውም፣ አራቱም ጎማ ተኝቷል፣ የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ወለል ይነካል። የቀረው ቤንዚን ሽታው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። አንድ መካኒክ «ባትሪ አምጣና በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) እንምታው» ብሎኛል።

በጀቴ 120 ሺህ ብር ነው። ቀለምና ወንበር ለጊዜው ይቅር፤ በራሱ ሄዶ በራሱ እንዲቆም ነው የምፈልገው። ቅደም ተከተሉ እንዴት ይሁን? የትኛውን ዕቃ አዲስ፣ የትኛውን አሮጌ ልግዛ?

ዳዶና ቡሎን

ወንድሜ፣ ባትሪውን ለጊዜው ተወው። ብዙ ቆሞ የከረመ ደህና ሞተር የሚሞተው በዚያ የመጀመሪያ ምት ነው። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዝገት ይኖራል፣ ሪንግ (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል፣ አንድ ቫልቭ ክፍት እንዳለ ደርቆ ይቀራል። ሞተሪኖ በኃይል ሲያዞረው ወይ ሪንግ ይሰበራል ወይ ፑሽሮድ (ቫልቩን የሚገፋው ዘንግ) ይታጠፋል።

ከሞተሩ በፊት ሁለት ነገር እይ። አንደኛው ወረቀቱ ነው። የኋላ መቀመጫውን አንሳ፤ የሻንሲ ቁጥሩ መሃል ለመሃል በሚያልፈው የሻንሲው ጀርባ ላይ ተመትቷል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው። ሁለቱንም በሽቦ ብሩሽ አጽድተህ ከሊብሬው ጋር አመሳክር። ቮልስ ሞተሩ በ4 ቡሎን ብቻ ስለሚያዝ መለዋወጡ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የማይገጥም ሞተር ማግኘት አያስገርምም። ስም ለማዞር የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልግሃል። መኪናው ያኔ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን አጣራ። ይህ ሳይለይ 1 ብር አታውጣ።

ሁለተኛው ዝገት ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ የአሲድ ጠብታ ያንን ወለል ይበላዋል። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው፤ ከገባ ላሜራው አልቋል። ቀጥሎ በጎን ባለው የክሪክ መግቢያ መኪናውን ትንሽ አንሳና የበሩን ክፍተት ተመልከት። ሲነሳ ክፍተቱ ከጠበበ ወይም በሩ ከያዘ፣ ከበሩ ሥር የሚሄደው የሙቅ አየር ሳጥን በስብሷል ማለት ነው። እሱ አካሉን የሚሸከም ክፍል ነው። በስቱኮ አይሸፈንም፣ በያጅ ላሜራ ቆርጦ ነው የሚሠራው፤ ሥራው ከሞተሩ ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ከወደቀ በጀትህን እንደገና አስብ።

እነዚህን ካለፈ 4ቱንም ካንዴላ ፍታ። በየቀዳዳው ኤቲኤፍ የሚባለውን ቀይ የካምቢዮ ዘይት ከአሴቶን ጋር እኩል ቀላቅለህ 40 ሚሊ ሊትር ያህል በሲሪንጅ አስገባ። የቮልስ ሲሊንደር የተኛ ስለሆነ ፈሳሹ ከታች ብቻ ይቀመጣል፤ ለላይኛው ግድግዳ በቀጭን ቱቦ እየረጨህ በየቀኑ ድገመው። ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆይ። እስከዚያው የቫልቭ ክዳኖቹን አውርድ። ክዳኑን የያዘውን ሽቦ ወደ ታች መግፋት ብቻ ነው። 8ቱንም ሮከር (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) በእጅህ ነቅንቅ፤ ተጭኖ የማይመለስ ቫልቭ ካለ ሮከር ሻፍቱን ሳታወርድ ሞተሩን አታዙር።

የሚዞረው በክራንኩ ፑሊ ቡሎን ነው፣ የ30 ቁልፍ። በዲናሞው ዳዶ በ21 ቁልፍም ይዞራል፣ ከበድ ሲል ግን ቺንጋው (ቀበቶው) ይንሸራተታል። ወደፊት ትንሽ፣ ወደ ኋላ ትንሽ እያልክ ሂድ። በረጅም ቧንቧ አስረዝመህ አታስጨንቀው። እምቢ ካለ አንድ ቀን አሳድረው።

ቦቢና

ዳዶና ቡሎን ያለው ልክ ነው፤ እኔ ከቤንዚኑ ልቀጥል። ቮልስ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው የቮልስ ቃጠሎ መነሻው የደረቀ የቤንዚን ቱቦ ነው።

ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር በ4 ቡሎን ታስሯል፣ አውጣው። አሮጌውን ቤንዚን ቅዳ፤ ከአዲስ ጋር ቀላቅለህ ልጠቀምበት እንዳትል። ሙጫው ካርቡራተሩንም ቫልቩንም ያጣብቃል። ታንኩ ውስጥ አንድ እፍኝ ትንንሽ ዳዶ ከ2 ሊትር ናፍታ ጋር ጨምረህ እያገላበጥክ አንቀጥቅጠው። ዝገቱ ካልለቀቀ በኮምጣጤ ሞልተህ 2 ቀን አሳድር፣ በውኃና በቤኪንግ ሶዳ እጠበው፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀው። ታንኩ ከተበሳ ደግሞ ማንም እሳት እንዳያስጠጋው። ባዶ የቤንዚን ታንክ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል።

ቱቦውን በሙሉ ቀይር፦ ከታንኩ ወደ ብረት ቧንቧው፣ በካምቢዮው በኩል ከብረቱ ወደ ፖምፓው፣ ከፖምፓው ወደ ካርቡራተሩ። 2 ሜትር ይበቃል። የድሮውን ቁራጭ ይዘህ ሂድ፤ ቱቦው በግድ የሚገባ እንጂ ፋሼታ ሲጠብቅ ብቻ የሚይዝ መሆን የለበትም። የቤንዚን ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ሞተሩ ክፍል ውስጥ ፖምፓውና ካርቡራተሩ መካከል የሚሰቅሉ አሉ፤ አታድርገው። በክብደቱና በንቅናቄው ካርቡራተሩ ላይ በጉልበት ብቻ የገባችውን የነሐስ ቧንቧ ይነቅላታል፣ ቤንዚኑም ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይፈስሳል። ቦታው ከታንኩ ሥር ወይም ከካምቢዮው ጎን ነው። ያቺን የነሐስ ቧንቧ በፒንሳ ይዘህ ሞክራት፤ በእጅ ከተነቃነቀች ቶርኖ ቤት ወስደህ ጥርስ አስወጥተህ በሚጠብቅ አፍ ተካት።

የካርቡራተሩን ጂግለሮች (ቤንዚን የሚለኩት ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ቡሎኖች) በአየር ንፋ፣ በሽቦ አትጎርጉር፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ አይመለስም። ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) የሚቆርጠው ኤሌክትሪክ ቫልቭ ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» ማለት አለበት። ካላለ መኪናው በጋዝ ይሠራል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል።

እሳቱን በተመለከተ፦ የፑንቲናውን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆራርጡት ነጥቦች) ክፍተት 0.4 ሚ.ሜ አድርግ። ቢቃጠልም ባይቃጠልም ፑንቲናና ኮንደንሰር አዲስ ግዛ፤ ከሌሎቹ ዕቃዎች አንጻር ትንሽ ወጪ ናት። ካንዴላው ቢ6ኤችኤስ ወይም አቻው፣ ክፍተቱ 0.7። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2 ነው። 1 ቁጥር በቀኝ ወደ መኪናው አፍንጫ ያለው ነው፣ ከኋላው 2፤ በግራ በኩል ወደ አፍንጫው 3፣ ከኋላው 4። መኪናው አፍንጫ ስል የመኪናው ፊት ማለቴ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ታይሚንጉን (እሳቱ የሚመታበትን ጊዜ) በ12 ቮልት አምፖል ማስተካከል ትችላለህ። አንዱን ጫፍ ከፑንቲናው ወደ ቦቢናው (የእሳት መጠምጠሚያው) በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ አድርግ፤ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፑሊው ምልክቱ ላይ ሲደርስ አምፖሉ መብራት መጀመር አለበት።

ፍሬን ይቅደም

ሁለቱ ወንድሞች ስለ ማስነሳት ተናገሩ። ፔዳሉ ወለል የሚነካ መኪና ግን ሞተሩ ቢነሳም ግቢው ውስጥ እንኳ መንቀሳቀስ የለበትም። ከ120 ሺህህ መጀመሪያ የፍሬኑን ለይተህ አስቀምጥ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ 13 ዓመት ሲቀመጥ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝገዋል። ማስተር ሲሊንደሩ፣ አራቱ ፖምፔታ (በየጎማው ያሉት የፍሬን ሲሊንደሮች) እና አራቱ የጎማ ቱቦ አዲስ ይሁኑ። ጎሚኒ (የውስጡን የጎማ ማሸጊያ) ብቻ መቀየር ርካሽ ነው፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ጥርስ ካወጣ ግን አዲሱን ጎሚኒ በወር ይበላዋል። ጣትህን አስገብተህ ዳስሰው፤ መስታወት የመሰለ ካልሆነ ጣለው። የፊትና የኋላ ፖምፔታ መጠናቸው ስለሚለያይ ሁሉንም አሮጌ ይዘህ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ውረድ፤ በአፍ ነግረህ አትግዛ።

የኋላውን ታምቡር የያዘው ዳዶ 36 ነው። ጎማው መሬት እንደነካ፣ በእጅ ፍሬንና በድንጋይ ተይዞ፣ ቁልፉን በረጅም ቧንቧ ፍታው። ክሪክ ላይ ተነስቶ ከታገልከው መኪናው ይወርድብሃል። ሲመለስ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፣ ኮፒሊያውም (ዳዶውን የሚቆልፈው ሽቦ) አዲስ ይግባ። የፊት ግራ ዳዶ ተቃራኒ ጥርስ ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ይህን የማያውቅ ሰው የአክሱሉን ጫፍ ያበላሸዋል። እዚያው ታምቡር መሃል የኪሎሜትር ገመዱ በትንሽ ክሊፕ ተይዟል፣ ቀድመህ አውጣት።

ዘይቱ ዶት 4፣ 1 ሊትር ግዛ። አየር ስታስወጣ ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምር፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። ከዚያ በፊት የፍሬን ሸራዎቹን በማስተካከያ ኮከቦቹ አቅርብ፤ ሸራው ከራቀ አየር ሙሉ በሙሉ ቢወጣም ፔዳሉ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ብዙ ሰው ማስተሩን ሁለቴ የሚቀይረው በዚህ ስህተት ነው።

ጎማው 155 ወይም 165 በ15 ነው። ቦታው ላይ 13 ዓመት የተኛ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም አትንዳበት። ያገለገለ ብትገዛ እንኳ ጎኑ ላይ ያሉትን 4 አኃዞች አንብብ፤ 2ቱ ሳምንቱ፣ 2ቱ ዓመቱ ናቸው።

የአራት ኪሎ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሮቹ ከሊብሬው ጋር ገጥመዋል። ወለሉ ባትሪው ሥር በእጅ መዳፍ ልክ ተበስቷል፣ የጎን ሳጥኖቹ ግን ጠንካራ ናቸው። ሞተሩ በ5ኛው ቀን በእጅ ዞረ። ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ፣ በተዋስኩት ባትሪ ኮምፕሬሽን ለካሁ፦ 1ኛው 6.1፣ 2ኛው 6.0፣ 3ኛው 4.2፣ 4ኛው 6.2 ባር። መካኒኩ «ሁሉም ዝቅተኛ ነው፣ ሞተሩ ይወረድና ሪንግና ፒስተን ይቀየር» ይላል። ያ ከሆነ በጀቴ አለቀ።

ቦቢና

አይወረድ። 6 ባር አዲስ አበባ ላይ ዝቅተኛ አይደለም። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ የሚሰጠው ከ7 እስከ 9 ባር በባሕር ጠለል ነው፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ከ5.3 እስከ 6.9 ያለው ጤነኛ ነው። 3ቱ ሲሊንደሮችህ ደህና ናቸው፣ እርስ በርስም ተቀራርበዋል። ጥያቄው 3 ቁጥር ብቻ ነው።

3 ቁጥር በቮልስ ደካማው መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ፋን ቤቱ ውስጥ በእሱ አቅጣጫ ስለቆመ አየር ሳይዳረስ ሞቆ ነው የሚደርሰው። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተቱን አስተካክል። ሞተሩ ያደረ፣ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን፤ 8ቱም 0.15 ሚ.ሜ። በ1-4-3-2 ቅደም ተከተል ፑሊውን ግማሽ ዙር እያዞርክ፣ በ13 ቁልፍና በካቻቢቴ። በየቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) ዳርና ዳር ያሉት የጭስ፣ መሃል ያሉት የአየር ናቸው። 3 ቁጥር የጭስ ቫልቭ ክፍተት ከሌለው ቫልቩ አይዘጋም፣ 4.2 ማሳየቱም ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ካስተካከልክ በኋላ እንደገና ለካ። መካኒኩ በቀዳዳው ዘይት ጨምሮ ልለካ ቢል ውጤቱን ብዙ አትመነው፤ ሲሊንደሩ የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ሪንጉን ዙሪያውን አይዘጋም። ከዚያ ይልቅ ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ አድርሰህ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ንፋ። በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) በኩል «ሽሽ» ካለ የጭስ ቫልቭ ነው፤ በካርቡራተሩ ካለ የአየሩ፤ በዘይት መሙያው ከወጣ ሪንግ ነው።

ዳዶና ቡሎን

በአንድ ነገር ከቦቢና እለያለሁ። ሞተሩ መወረዱ አይቀርም፤ የሚወረደው ግን ለሪንግ አይደለም። 13 ዓመት ዛፍ ሥር የቆመ ቮልስ ፋን ቤቱ ውስጥ የአይጥ ጎጆና ቅጠል ይሞላል፣ የሲሊንደሮቹ ክንፎች ይደፈናሉ። ራዲያተር የሌለው ሞተር ነው፤ ያ ቆሻሻ ሳይወጣ ካስነሳኸው በመጀመሪያው ዳገት 3 ቁጥርን ትጨርሰዋለህ። ፍሪሲዮኑም ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ዲስክ) ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ 110 ኪሎ ያህል ስለሆነ በጥሩ ክሪክና በ2 ሰው ይወርዳል። መጀመሪያ የባትሪውን ነጋቲቭ ንቀል፣ የቤንዚን ቱቦውን ድፈን፣ የጋዝ ገመዱን አውጣ፣ ወደ ካቢን የሚሄዱትን የሙቅ አየር ቱቦዎች ፍታ፣ ከዚያ አራቱን የ17 ቡሎኖች።

ወርዶ እያለ የፍሪሲዮን ሸራውን፣ ተጫኝ ኩሽኔታውንና የፍላይዊሉን የዘይት ጎሚኒ እይ። ያንተ ሸራ 180 ሚ.ሜ ነው፤ 200 የሚሆነው ለ1500 እና ለ1600 ነው። ፋን ቤቱን አንሳ፣ ክንፎቹን በብሩሽና በአየር አጽዳ፣ ላሜራዎቹን አንድም ሳይቀር መልሳቸው። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ከጠፋ ከሥር የሚወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ይገባና ሞተሩ የራሱን ሙቀት ይተነፍሳል። «ያለሱም ይሠራል» የሚልህን አትስማ።

የአራት ኪሎ ልጅ (ጠያቂ)

3 ቁጥር የጭስ ቫልቭ ክፍተት በፍጹም አልነበረውም! ወደ 0.15 መለስኩት፣ አሁን 5.7 ባር ያሳያል። ሞተሩም ወርዷል። ከፋን ቤቱ የወጣው ቅጠልና ጭድ አንድ ፌስታል ሞላ። ዘይትና የመጀመሪያው ማስነሳት እንዴት ይሁን? ሶማሌ ተራስ ምን አሮጌ ልግዛ?

ቦቢና

5.7 በጣም ጥሩ ነው። ግን ያንን ቫልቭ ተከታተለው፤ በ500 ኪ.ሜ ክፍተቱ እንደገና ከጠበበ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፣ ሳይበጠስ ቴስታታውን አውርድ።

አሮጌ ዕቃ ሲባል ጎማ ነክ የሆነ ነገር፣ የፍሬን ዕቃ፣ ፑንቲና አሮጌ አይገዛም። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ የሞተር ላሜራ አሮጌ ብትገዛ ችግር የለም። ሞተሪኖውን ባትሪ ላይ አስሞክረህ ውሰድ፣ የ12 ቮልት መሆኑንም አረጋግጥ። የ6 ቮልቱ ፍላይዊል 109፣ የ12ቱ 130 ጥርስ ስለሆነ አይናበቡም። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ሲመረት ስለቆየ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ፒስተን፣ ፖምፓ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዛሬም አሉ፤ «ከእንግዲህ አይመጣም» ብሎ ዋጋ የሚቆልልብህን አልፈህ ሌላ ሱቅ ጠይቅ።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ካንዴላዎቹ ከ50 ኪ.ሜ በኋላ ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ዋናውን ጂግለር በ1 ወይም በ2 ቁጥር ዝቅ አድርግ። ታይሚንጉን ግን ለዳገት ብለህ ከመጽሐፉ አትግፋ፤ የሚጎዳው ያው 3 ቁጥር ነው።

ፍሬን ይቅደም

ባትሪውን ስታስገባ በላዩ የጎማ ክዳን አድርግ፤ ከመቀመጫው ሥር ያሉት የብረት ስፕሪንጎች ሰው ሲቀመጥ ፖሉን ነክተው መቀመጫውን ያቃጥሉታል። ወለሉም ቀድሞ ይበየድ፣ በተበሳ ላሜራ ላይ ባትሪ አይቆምም። እሳት ማጥፊያ ሾፌሩ እጅ የሚደርስበት ቦታ እሰር።

ፍሬኑን መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ ደልዳላ መንገድ ላይ በማለዳ ሞክር። ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና የሚሞከርበት ቦታ አይደለም። ቢያንስ 10 ጊዜ ከ30 ኪ.ሜ በሰዓት አቁመው፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ የዚያን ተቃራኒ ጎማ ታምቡር ከፍተህ ዘይት የነካው ሸራ እንዳለ እይ። ከዚያ በኋላ ነው ያንኑ ጎዳና ከለገሃር ወደ ላይ በ2ኛ ማርሽ ወጥተህ የሞተሩን ሙቀት የምትፈትነው።

ዳዶና ቡሎን

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ 20ደብሊው-50። 4 ሊትሩን ጋሎን ሙሉ የሚገለብጡ አሉ፤ ትርፉ በየጎሚኒው ይወጣና «ሞተሩ ያፈስሳል» ይባላል። ካምቢዮውም 90 ቁጥር ጂኤል-4 ዘይት 2.5 ሊትር ገደማ ይወስዳል።

ሞተሩ ተመልሶ ሲገባ ካንዴላ ሳታስገባ በሞተሪኖ አዙር፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አትለፍ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ከጠፋ በኋላ ካንዴላውን አስገብተህ አስነሳ። 2 ደቂቃ ብቻ ይሥራ፣ አጥፋው፣ የቤንዚን ቱቦዎቹን በባትሪ መብራት አንድ በአንድ እይ። ደረቅ ከሆኑ 20 ደቂቃ ከሚኒሞ ከፍ አድርገህ አሠራው። ቺንጋውን በአውራ ጣት ስትጫነው 15 ሚ.ሜ ያህል ይግባ፤ እሱ ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን ፋኑንም ስለሚያዞር ከተበጠሰ «እስከ ጋራዥ ልድረስ» አይባልም፣ እዚያው ይቆማል።

በ150 ኪ.ሜ ዘይቱን እንደገና ቀይር፤ ለዓመታት የረጋው ዝቃጭ የሚለቀው ያኔ ነው። ከሥር ያለውን የዘይት ማጣሪያ ወንፊትም አውጥተህ በቤንዚን እጠብ፣ ሁለቱን ጓርኒሲዮን ቀይር። ሳህኑን የሚይዙት 6 ትንንሽ ዳዶዎች ከ7 ኒውተን ሜትር በላይ አይችሉም። የያዙት የማግኒዥየም ቅይጥ የሞተር አካል ጥርሱ ከተበላ ሙሉውን ሞተር ማውረድ ሊያስፈልግ ነው፤ ስለዚህ በአጭር ቁልፍ፣ በ2 ጣት ብቻ አጥብቃቸው።